ሽጉጥ የማይፈገፍግ አፎት የቱ ነው? ቆዳ፣ ሸራ፣ ካይዴክስና ፖሊመር በጣና ዳር አየር ሲመዘኑ

ባሕር ዳር ውስጥ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ የያዘ ሰው፣ ጥበቃ የሚሰራውም ካባቱ የወረሰውም፣ ደጋግሞ የሚጠይቀው ነገር አለ፦ አፈሙዙ አካባቢ ጥቁሩ ለቆ ነጣ፣ ጎኑ ጭረት በጭረት ሆነ፣ የትኛውን አፎት ብገዛ ነው ይሄ ነገር የሚቆመው? ሻጭ ጋ ስትሄዱ ደሞ የባሰ ትደናገራላችሁ፣ ቆዳ የሚሰፋው ፕላስቲክ ብረት ይበላል ይላችኋል፣ ፕላስቲክ የሚሸጠው ቆዳ ያዝጋል ይላችኋል፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው፣ ግን ግማሹን እውነት ይዞ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል። ስለዚ የማንንም ማርካ ሳላሞግስ በምን መመዘን እንዳለበት ላስቀምጥና ከዛ አንድ ባንድ እንያቸው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጭረቱን በአብዛኛው የሚያመጣው በአፎቱና በብረቱ መሃል የገባው አቧራና አሸዋ ነው። ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ደሞ ከጭረቱ በላይ ሊያስጨንቀን የሚገባው እርጥበቱ ነው። ጭረት መልክ ያበላሻል፣ ዝገት ግን ብረቱን ይቆፍረዋል፣ የተቆፈረ ብረት ደሞ አይመለስም።

መጀመሪያ የራሳችሁን ሽጉጥ ልባስ እወቁ

ልባስ የምለው የብረቱን የላይ ሽፋን ነው። ይሄን ሳያውቁ አፎት መግዛት ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም አንዱን ልባስ ምንም የማያደርገው አፎት ሌላውን ባንድ ክረምት ሊያበላሸው ይችላል።

እኛ ጋ ሰው እጅ ያሉት የድሮ የብረት ሽጉጦች፣ ማካሮቭን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ብሉይንግ የሚባለው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ልባስ ነው ያላቸው። ይሄ የተቀባ ቀለም አይደለም፣ ብረቱ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ጨው ውህድ ውስጥ ሲነከር የራሱ ገጽ ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። ውፍረቱ ከጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አያልፍም፣ እና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዝገትን ለብቻው እምብዛም አይከላከልም፣ ዋናውን ሥራ የሚሰራው ላዩ ላይ ያለው ዘይት ነው። ሌላም ነገር አለ፣ የማግኔታይት ጥንካሬ በሞስ መለኪያ (ትልቅ ቁጥር ያለው ትንሹን የሚጭርበት) ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን የግንባታ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ ግን 7 ነው፣ ስለዚ አፎታችሁ ሐር ቢሆን ራሱ ውስጡ አሸዋ ካለ ልባሱ ይሸነፋል።

ፎስፌት ወይም ፓርከራይዚንግ የሚባለው ግራጫ ሻካራ ልባስ ብዙ የወታደር መሣሪያ ላይ አለ፣ ዘይት ውስጡ ይዞ ስለሚቆይ ለእርጥበት ከብሉይንግ ይሻላል። አዳዲሶቹ ደሞ፣ ለምሳሌ የኦስትሪያ ጦር በ1982 እ.ኤ.አ. የመረጠው ግሎክ፣ ናይትራይድ የተደረገ ብረት ነው ያላቸው፣ ማለትም ናይትሮጅንና ካርቦን በሙቀት ወደ ብረቱ ገጽ ገብቶ ያጠነክረዋል። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ላይ የላዩ ጥቁር ሊነጣ ይችላል፣ የጠነከረው ክፍል ግን ከስሩ አለ፣ ስለዚ ጫፉ ነጣ ብላችሁ አትደንግጡ።

ኒኬል የተቀባ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ሲጫር ዝም ብሎ አይነጣም፣ ሊላጥ ይችላል፣ ከተላጠበት ደሞ ዝገቱ በስሩ እየሄደ ያነሳዋል። ስቴንለስ የሚለቅ ልባስ የለውም፣ ጭረቱም ሊወለወል ይችላል፣ ግን ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም። አካሉ አሉሚኒየም የሆነ ሽጉጥ ላይ ያለው አኖዳይዝድ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ የኦክሳይድ) ልባስ ጠንካራ ቢሆንም ስስ ነው፣ ከስሩ ያለው አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። እንደ ሴራኮት ያለው የሚረጭ የሴራሚክ ልባስ 25 ማይክሮን አካባቢ ውፍረት ስላለው እርጥበትን በደንብ ይዘጋል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ግን ቀስ እያለ ይሄዳል።

በምን እንመዝን?

ከሁሉም በላይ የማስቀምጠው ከልባስ ጋር የማይገናኝ ነገር ነው፦ አፎቱ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ወይ፣ ሽጉጡ ሲገባስ አፉ ሳይተጣጠፍ ክፍት ሆኖ ይቆያል ወይ? ይሄን ያላሟላ አፎት የቱንም ያህል ለስላሳ ይሁን፣ ርካሽ ይሁን፣ አትግዙ፣ ስለ ጭረት የምናወራው ሰው ከተረፈ በኋላ ነው።

ከዛ ቀጥሎ እርጥበት ይመጣል። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አጠገቧ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ አለ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፣ ሐምሌና ነሐሴማ ልብስ ራሱ ቶሎ አይደርቅም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያደረ ብረት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል፣ ያንን ላብ አፎቱ ይመጥጠዋል ወይስ እንዲተን ይለቀዋል?

ሦስተኛው አቧራ ነው። በጋ ላይ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ሰፈር የሚውል፣ ወይ ግንባታ ጥበቃ ላይ ያለ ሰው አፎቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ ለማየት ነጭ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ውስጡን አንዴ ይጥረገው። የገባው ነገር በቀላሉ ይራገፋል ወይ ነው ጥያቄው። አራተኛ፣ ሽጉጡ ውስጡ ይንቀሳቀሳል? በእርምጃ ቁጥር የሚወዛወዝ ሽጉጥ ቀኑን ሙሉ እየተፈገፈገ ነው የሚውለው። መጨረሻ ላይ ዋጋና እዚሁ መጠገን መቻሉ።

ቆዳ

የኛ አገር ሰው ቆዳ ይወዳል፣ እኔም እወዳለሁ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በእጅ ጥሩ አድርገው የሚሰፉ ሰዎች አሉ፣ ሲበላሽም እዚያው ይጠግኑታል። ለልባስ ሲታይ ግን ቆዳ ሁለት ፊት አለው።

በጎው፣ ንጹሕ የሆነና ለዛው ሽጉጥ ተለክቶ የተሰፋ ቆዳ ብረቱን እኩል ስለሚይዘው ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ አይበረታም፣ ጥቁሩ የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው፣ መጀመሪያ አፈሙዙ ጫፍና የማነጣጠሪያው ጠርዝ፣ ከዛ ጎኑ።

መጥፎው እርጥበት ነው። ቆዳ ውሃ ይጠጣል፣ ላብ ይጠጣል፣ የላቡን ጨው ደሞ ይዞ ያስቀራል። በዛ ላይ ቆዳው ሲለፋ የገባበት ነገር አለ፦ በዕፅዋት ታኒን የለፋው አሲድነት አለው፣ በክሮም የለፋው ደሞ የጨው ቅሪት ሊኖረው ይችላል፣ ሁለቱም ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ ለብረት ጥሩ አይደሉም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩት፣ መሃሉ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ከሄደ ክሮም ነው፣ እስከ መሃል ቡናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ በታኒን የለፋ ነው። ለአፎት ታኒኑ ይሻላል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ የክሮሙ ለጫማና ለጃኬት ይመቻል እንጂ ቶሎ ይለሰልስና አፉ ይዘጋል።

ሰፊ ጋ ስትሄዱ እነዚህን ሳትናገሩ አትውጡ። የቆዳው ለስላሳ ፊት ወደ ውስጥ ይሁን፣ ሻካራው ጀርባ አቧራ ይሰበስባል። ውስጡን ጀማት ወይም ከፋይ የመሰለ ለስላሳ ነገር ላልብሰው ካላችሁ እምቢ በሉ፣ በእጅ ሲነካ ደስ ይላል ግን አሸዋውን በጸጉሩ ይዞ ብረቱ ላይ የሚፈጭ ነገር ነው የሚሆነው። የቁልፉና የሪቬቱ ጀርባ በቆዳ ይሸፈን፣ ብዙ ሰው ከአቧራ የመጣ የሚመስለው ረጅም ቀጥ ያለ ጭረት ምንጩ ያ ብረት ነው። ልኩን ለማውጣት ደሞ ሽጉጡን ሰፊው ቤት ትታችሁ አትሂዱ፣ በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ፈቃዱ የናንተ ነው፣ ኃላፊነቱም የናንተ ነው፤ አናጺ ጋ ሄዳችሁ ልኩን የጠበቀ የእንጨት ቅርጽ አስቀርጹ፣ ሰፊው ቆዳውን አርጥቦ እሱ ላይ ያድርቀው፣ ቅርጹ እጃችሁ ላይ ስለሚቀር ለሚቀጥለውም ይሆናል።

እና ዋናው፣ ሽጉጥን ቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩ። ክረምት ላይ ለሳምንት ቆዳ ውስጥ የተረሳ ብሉይንግ ሽጉጥ ቆዳው በነካው መስመር ልክ ዝገት አውጥቶ ብታገኙት አይግረማችሁ።

ሸራና ናይለን

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል ተብሎ ይሸጣል፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር ለአንዱም ልክ አይሆንም። ሽጉጡ ይወዛወዛል፣ ውስጡ ያለው ፎም ዝናብ ሲመታው ውሃውን ይዞ ይውላል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ያታልላል፣ አቧራውም በክሮቹ መሃል ይገባና አይወጣም። አፉ ስለማይቆም ሽጉጡን ለመመለስ በሌላ እጅ መክፈት ያስፈልጋል፣ ይሄ አደጋ ነው። ለጊዜው ካልሆነ አልመክርም። ያላችሁ ካላችሁ በሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ የብረት ቁልፉን ጀርባ በጨርቅ ሸፍኑት።

ካይዴክስ

አክሪሊክና ፒቪሲ የተቀላቀለበት ጠንካራ የፕላስቲክ ሉህ ነው፣ በሙቀት ለስልሶ የአንድን ሽጉጥ ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል። ውሃ አይጠጣም፣ ቧንቧ ስር ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ አፉ አይዘጋም። ከላይ ባልኩት መመዘኛ ለጣና ዳር አየር ጠንካራ ተወዳዳሪ ነው።

ታዲያ ለምንድነው ካይዴክስ ሽጉጤን በላው የሚለው ሰው የበዛው? ምክንያቱም ቆዳ ሰፊ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ሲያነጣ ካይዴክስ የሚነካው ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው፣ እዛው እዛው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይነካል፣ ስለዚ ምልክቱ ቶሎ ይታያል፣ ቀጥ ያለ የሚያብረቀርቅ መስመር ይሆናል። ጠንካራ ስለሆነ አሸዋ ሲገባ አሸዋው የሚሰምጥበት ስፍራ የለውም፣ በቀጥታ ብረቱን ይጭራል። መፍትሔው ማጠብ ነው፣ በጋ ላይ በየሳምንቱ፣ አቧራ የዋላችሁ ቀን ደሞ ማታውኑ። የማጥበቂያ ብሎኑን ሰው ሽጉጥ እንዳይወድቅበት ብሎ ከሚገባው በላይ ያጠብቀዋል፣ ያኔ በወጣና በገባ ቁጥር ይፍቀዋል፤ ባዶ መሆኑ የተረጋገጠ ሽጉጥ አስገብታችሁ አፎቱን ወደታች ስትገለብጡት ከያዘ በቂ ነው፣ ከታች ደሞ አልጋ ወይ ትራስ ይኑር። ጸሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ቅርጹ ሊላላ ይችላል።

ጉዳቱ፣ እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ለትክክለኛው ሞዴል ካልሆነ ዋጋ የለውም፣ ከተሰነጠቀ ደሞ የሚጠግነው የለም።

በፋብሪካ ሻጋታ የወጣ ፖሊመር

ከካይዴክስ ወፍራም የሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ለዩኒፎርም ሥራ የሚሆን፣ ብዙዎቹ ሽጉጡን የሚይዝ መቆለፊያ አላቸው፣ ይሄ ግርግር ውስጥ ለሚሰራ ጥበቃ ትልቅ ነገር ነው። ለልባስ ከካይዴክስ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ ስለሚሰራና ከታች ክፍት ስለሚሆን ቆሻሻ ይወጣለታል። መቆለፊያው በሌባ ጣት ተጭኖ የሚከፈት ከሆነ ግን ተዉት፣ ያ ጣት ሽጉጡ ሲወጣ ምላጭ አጠገብ ተጭኖ መገኘት የለበትም፣ በአውራ ጣት የሚከፈተውን ፈልጉ።

| መመዘኛ | ቆዳ | ሸራ/ናይለን | ካይዴክስ | ፖሊመር |
|---|---|---|---|---|
| ምላጭ መሸፈንና አፉ ክፍት መቆየት | አዲስ ሲሆን ጥሩ፣ ሲያረጅ ይዘጋል | ደካማ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| እርጥበት | ይመጥጣል፣ ይይዛል | ይመጥጣል፣ ውስጡ ይቆያል | አይመጥጥም | አይመጥጥም |
| አቧራ | መካከለኛ | ይይዛል | ይታጠባል፣ ካልታጠበ ይጭራል | ይታጠባል፣ ከታች ይወጣል |
| የሚተወው ምልክት | ሰፊና ቀስ ያለ መንጣት | የተበታተነ ጭረት | ቀጭን ደማቅ መስመር | ቀጭን መስመር |
| ዋጋ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከፍ ያለ | ከፍ ያለ |
| እዚህ መጠገን | ይቻላል | በስፌት | አይቻልም | አይቻልም |

ለማን የቱ ይሻላል?

ሐይቁ ዳር ያሉ ሎጅና ሆቴሎች ውጭ ቆሞ የሚያድር ጥበቃ፣ ወይ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለስ ሰው፣ ፖሊመር ይግዛ፣ ሞዴሉ ካልተገኘ ካይዴክስ። ውሃ ይረጨዋል፣ ይጠረጋል፣ በቃ። ድርጅት የምታስተዳድሩ ሰዎች ደሞ እባካችሁ ለጥበቃዎቻችሁ ርካሹን ናይለን በጅምላ አትግዙላቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ላይ የሚቆመው ሰው ደኅንነት ነው በዛ የምትቆጥቡት።

አቅም ለሌለው በልክ የተሰፋ የታኒን ቆዳ ከማንኛውም ናይለን ይሻላል፣ ግን ሁለት ነገር ቃል ይግባ፣ ማታ ሽጉጡን አውጥቶ ቁልፍ ባለው ሣጥን ያስቀምጥ፣ አፉ የተዘጋ ዕለት አፎቱን ይለውጥ። ናይትራይድና ስቴንለስ ያላችሁ ሰዎች ስለ ልባስ ብዙ አታስቡ፣ በምቾትና በደኅንነት ምረጡ። ኒኬል ያላችሁ በደንብ የሚታጠበውን ያዙ።

ካባት የተወረሰ፣ ለበዓልና ለሠርግ ካልሆነ የማይወጣ ሽጉጥ ያለው ሰው ለማስቀመጫ አፎት አያስፈልገውም። ዘይት የነካ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የሚቆለፍ ሣጥን፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች፣ ይበቃዋል። ቆዳ አፎቱን ለብቻው ስቀሉት።

የነጣውንስ እናስመልሰው?

የኔ ምክር ብዙ ጊዜ ተዉት ነው፣ በተለይ የአባት መሣሪያ ከሆነ። የአባቴ እጅ የነካው ነው ብሎ የሚኮራበት ሰው ያንን የነጣ ጠርዝ ለምን ያጠፋዋል? በሚፈላው ውህድ የሚሰራው ትክክለኛ ብሉይንግ መጀመሪያ ብረቱ መወልወል ስላለበት ጽሑፉንና መለያ ቁጥሩን ሊያደበዝዝ ይችላል፣ የቁጥር መደብዘዝ ደሞ ከፈቃዱ ጋር ሲመሳከር ጣጣ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ከሆነ ፈጽሞ አይነከርም፣ ኮስቲኩ አሉሚኒየምን ያሟሟል። በጨርቅ የሚቀባው ቀዝቃዛ ብሉይንግ ለትንሽ ቦታ ይሆናል፣ ስስ ነው፣ አፎት ውስጥ ቶሎ ይለቃል፣ ብዙዎቹ ሴሌኒየም ስላላቸው ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ። የሚረጨው ልባስ ዝገት ለጀመረው የሥራ ሽጉጥ ትርጉም አለው፣ የሚሰራው ሰው ግን ፈቃድ ያለው ይሁን።

ዝገት መሆኑን ለመለየት ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቡናማ ከወጣ ዝገት ነው። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ኮካ ዝገት ያስለቅቃል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ ያስለቅቃል፣ ብሉይንጉንም አብሮ ያስለቅቃል። ዘይት ላይም እንዲሁ፣ አንድ ለብዙ ዓመት ጥበቃ የሰሩ ጋሼን "ጋሼ፣ በምንድነው የሚቀቡት?" ብላቸው "ኑግ ነዋ ልጄ፣ ቤት ያለው እሱ" አሉኝ፣ ሽጉጡ ላይ የያዘው ነገር ግን እንደ ሙጫ ይጣበቅ ነበር፣ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ የሚወፍር ዘይት ነው፣ አቧራም ይሰበስባል። የመሣሪያ ዘይት ካጣችሁ የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይሻላል። ላምባ ያጸዳል እንጂ አይጠብቅም።

ዝናብ የመታችሁ ቀን ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ካዝናውን አውጡ፣ የጎረሰ ጥይት እንደሌለ ከፍታችሁ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይቱን ከሽጉጡ አርቁ፣ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ከዛ በዘይት ጨርቅ ጥረጉ፣ በእጃችሁ ላብ የተነካውን ቦታ ሁሉ። ቆዳ አፎት ከሆነ ጋዜጣ ጎስጉሱበት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ምድጃ ዳር ወይ ጸሐይ ላይ ካደረጋችሁት ይሰነጠቃል፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት፣ ደርቆ ሲወጣ ብቻ ሽጉጡን መልሱ።